የኮምፒውተር ፓስወርድ ሲጠፋ፦ ወደ ፎርማት ከመሮጣችሁ በፊት

«ፓስወርዱ ጠፋኝ፤ ፎርማት ሳይደረግ ይከፈታል ወይ?» ቱሉ ዲምቱ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን እንደዚህ የሚደጋገም ጥያቄ የለም። ከኮዬ ፈጬም ይመጣል፣ ከገላንም ይመጣል። የዕድሩ ጸሐፊ ቤት ቀይረው ሲሄዱ ላፕቶፑን ያስረክባሉ፤ ፓስወርዱን ግን ሳይነግሩ ይቀራሉ። ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያው ውስጥ ተቆልፎባት ትመጣለች። የሱቅ ሒሳብ የያዘውን ላፕቶፕ ልጅ ሲነካካ ፒኑን ይቀይረዋል።

መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል። ባይከፈት እንኳ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ፋይል የሚያጠፋው የፓስወርዱ መረሳት ሳይሆን ተቻኩሎ የሚደረግ ፎርማት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ፤ አንዱ ደረጃ ከሠራላችሁ ቀጥታ ወደ 8ኛው እለፉ።

መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። የራሳችሁ ለሆነ ወይም ባለቤቱ ፈቅዶ ለሰጣችሁ ኮምፒውተር ብቻ ተጠቀሙበት። የሰው ኮምፒውተር ያለ ፈቃድ መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነም እዚህ ያለውን አትሞክሩ። የአይቲ ክፍሉ ፓስወርዱን ሊቀይርላችሁ ይችላል፤ እናንተ ስትነካኩት ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቻርጀር። ላፕቶፑን መጀመሪያ ሙሉ ቻርጅ አድርጉት። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። በእኛ ሰፈር መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው፤ ዊንዶውስ ራሱን እየጫነ ሳለ ከጠፋ ሥራው ተበላሽቶ ይቀራል።
- አካውንቱ ላይ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር። ሲሙ የሚሠራ መሆን አለበት፤ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው እዚያ ነው።
- የሞባይል ዳታና የስልኩ የዩኤስቢ ኬብል።
- ባዶ ፍላሽ፣ 8 ጊጋ ባይት ወይም ከዚያ በላይ። ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ሰርግ ቪዲዮ የተቀመጠበትን አታምጡ።
- ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ወይም ፋይላችሁን የሚችል ሌላ ትልቅ ፍላሽ።
- የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር። የጎረቤትም ይሁን የኢንተርኔት ቤት ችግር የለውም።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።

1. በእውነት ፓስወርዱ መጥፋቱን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ የምቆየው እዚህ ነው። «ጠፋ» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ኪቦርዱ ሌላ ነገር የሚጽፍበት ጥቂት አይደለም።

ፓስወርዱን ጻፉና ሳጥኑ ጫፍ ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭናችሁ ያዙ። የጻፋችሁት በግልጽ ይታያል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ከተቀያየረ ካፕስ ሎክ በርቷል ማለት ነው። «ጄ» ስትነኩ 1፣ «ኬ» ስትነኩ 2፣ «ኤል» ስትነኩ 3 የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ነም ሎክ በርቷል፤ ትናንሽ ኪቦርድ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ያጋጥማል። «ኤፍኤን» የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ነም ሎክን ንኩ፣ ይጠፋል።

ቀጥሎ ቋንቋውን እዩ። ከታች በቀኝ በኩል የኪቦርዱ ቋንቋ በምህጻረ ቃል ተጽፏል። እሱን ንኩ፣ ወይም የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስ ንኩና ቀይሩት። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛችሁ በተለይ ልብ በሉ። ከእንግሊዝ የመጣ ኪቦርድ ላይ የኢሜይሉ «አት» ምልክትና ድርብ ጥቅሱ ቦታ ተለዋውጠዋል። በጀርመኑ ላይ «ዋይ» እና «ዜድ»፣ በፈረንሳዩ ላይ «ኤ» እና «ኪው» ይለዋወጣሉ። ቁልፉ ላይ የታተመው ሌላ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማመን ያለባችሁ የዓይን ምልክቷ የምታሳያችሁን ነው።

የሞተ ቁልፍ ካለ የተደራሽነት ምልክቱን ንኩ፤ ከታች በቀኝ፣ ከኃይል ምልክቱ አጠገብ ነው። «ኦን ስክሪን ኪቦርድ» የሚለውን ምረጡና በማውስ ጻፉ። አቧራ የበላው ኪቦርድ ብዙ ሰው ያሳስታል።

በመጨረሻ ፒንና ፓስወርድ አንድ አለመሆናቸውን አስታውሱ። ፒኑ የሚሠራው በዚያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ከመጻፊያው ሥር «ሳይን ኢን ኦፕሽንስ» የሚለውን ስትነኩ የቁልፍ ምልክት ከመጣ ፓስወርድም መሞከር ትችላላችሁ። ፒኑን የረሳ ሰው ፓስወርዱን ሊያስታውሰው ይችላል።

ግምት ግን አታብዙ። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ አካውንቱ ለ10 ደቂቃ ይቆለፋል። የሞከራችሁትን ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ ሂዱ፤ አለዚያ ያንኑ ደጋግማችሁ ትሞክራላችሁ።

2. የአካውንቱን ዓይነት ለዩ

ቀጣዩ መንገድ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ሁለት ዓይነት አካውንት አለ። አንደኛው የማይክሮሶፍት አካውንት ነው፤ በኢሜይል የተከፈተ፣ ፓስወርዱም ኢንተርኔት ላይ ያለ። ሁለተኛው ሎካል አካውንት ነው፤ ከዚያ ማሽን ውጭ የትም የለም።

ስሙ ሥር ኢሜይል ከታየ የማይክሮሶፍት ነው። ኢሜይሉ ካልታየ ግን ሎካል ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ዊንዶውስ ሊደብቀው ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን አንዴ ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ፓስወርድ አስገቡና የሚመጣውን መልእክት አንብቡ። «ማይክሮሶፍት አካውንት» የሚል ቃል ካለበት ወደ 3 ሂዱ። «ሪሴት ፓስወርድ» የሚል ብቻ ካመጣ ሎካል ነውና ወደ 4 ሂዱ።

ከታች በግራ በኩል ሌሎች ስሞች መኖራቸውንም እዩ። ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ የራሳቸው አካውንት ካላቸው ጻፉት፤ 4 ላይ ይጠቅማችኋል።

3. የማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ኢንተርኔት ላይ አድርጉት። መግቢያ ስክሪኑ ላይ ከታች በቀኝ የኔትወርክ ምልክት አለ። ዋይፋይ ከሌለ ስልካችሁን በኬብል ሰኩና «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» አብሩ። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ፓስወርዱን በስልካችሁ ብትቀይሩትም ኮምፒውተሩ አዲሱን የሚያውቀው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ነው። «ቀይሬዋለሁ ግን እምቢ አለኝ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይኸው ነው።

ከዚያ «አይ ፎርጎት ማይ ፓስወርድ» ወይም «አይ ፎርጎት ማይ ፒን» የሚለውን ንኩ። ኮድ የት ይላክ ብሎ ይጠይቃል፤ ስልክ ወይም ሁለተኛ ኢሜይል። ስልክ ከመረጣችሁ የቁጥሩን መጨረሻ አሃዞች አስገቡለት፣ ኮዱ በመልእክት ይመጣል። የረሳችሁት ፒኑን ብቻ ከሆነ የአካውንቱን ፓስወርድ ይጠይቅና አዲስ ፒን ያስቀምጥላችኋል። ፋይላችሁ አንድም አይነካም።

ሲሙ ከጠፋ ወደ ሌላ ዘዴ አትሩጡ። መታወቂያችሁን ይዛችሁ የቴሌኮሙን ሽያጭ ማዕከል ሂዱና ያንኑ ቁጥር አስወጡ። ከሁሉ አጭሩ መንገድ ይህ ነው።

ቁጥሩ ጨርሶ የማይገኝ ከሆነ የማይክሮሶፍት የአካውንት ማስመለሻ ቅጽ አለ። የድሮ ፓስወርዶች፣ በቅርብ የላካችኋቸው ኢሜይሎች ርዕስ፣ የመሳሰሉትን ይጠይቃል። የምታስታውሱትን ሁሉ ሙሉ፤ የማታውቁትን ገምቱ። ዘወትር በምትጠቀሙበት መሣሪያና ቦታ ሆናችሁ ብትሞሉት የተሻለ ይታመናል። በቀን እስከ ሁለት ጊዜ መሞከር ይቻላል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍታችሁ ከነበረ ግን ይህ ቅጽ አይሠራላችሁም። የተመዘገቡትን ስልክና ኢሜይል በአዲስ ከተካችሁ ደግሞ ማይክሮሶፍት 30 ቀን ያስጠብቃል። ያ 30 ቀን ያበሳጫል፤ ቢሆንም ሌላ ሰው በስማችሁ አካውንታችሁን እንዳይወስደው የተቀመጠ ነው። ሥራው የማያጣድፍ ከሆነ ጠብቁ።

4. ሎካል አካውንት ከሆነ

የተሳሳተ ፓስወርድ አስገቡ። ከሥር «ሪሴት ፓስወርድ» ይመጣል። አካውንቱ ሲከፈት የደኅንነት ጥያቄዎች ተሞልተው ከሆነ ሦስት ጥያቄ ይቀርብላችኋል፦ የተወለዳችሁበት ከተማ፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤታችሁ፣ የልጅነት ቅጽል ስማችሁ እና የመሳሰሉት። መልሱ ያኔ በጻፋችሁት አጻጻፍ መሆን አለበት። እኛ አገር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃንን በላቲን ፊደል ስትጽፉ ብርሃን በ«ኢ»ም በ«አይ»ም ይጻፋል። አዲስ አበባ በአንድ «ዲ»ም በሁለትም ይጻፋል። ትምህርት ቤቱን ከነቁጥሩ ጽፋችሁት ይሆናል። ሊሆኑ የሚችሉትን አጻጻፎች መጀመሪያ ወረቀት ላይ ደርድሩና አንድ በአንድ ሞክሩ።

ጥያቄ ካልተሞላ፣ ድሮ «ፓስወርድ ሪሴት ዲስክ» የሠራችሁበት ፍላሽ ካለ ሰኩት። ከዚያ በኋላ ፓስወርዱን ብትቀይሩትም ያው ፍላሽ ይሠራል።

እሱም ከሌለ 2 ላይ የጻፋችኋቸውን ስሞች ተመልከቱ። ከመካከላቸው አድሚን (ኮምፒውተሩን ለማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) የሆነ ካለ በእሱ ግቡ። «ኮንትሮል ፓነል» ክፈቱ፣ «ዩዘር አካውንትስ» ውስጥ «ማኔጅ አናዘር አካውንት» የሚለውን ንኩ፣ የተቆለፈውን ስም ምረጡና ፓስወርዱን ቀይሩ። አልቋል፤ ዶክመንቶቹና ፎቶዎቹ በቦታቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ በዚህ መንገድ በግድ ሲቀየር ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ ፓስወርዶች ሊጠፉ ይችላሉ። በዊንዶውስ የራሱ ምስጠራ የተቆለፉ ፋይሎች ካሉም አይከፈቱም። ስለዚህ የደኅንነት ጥያቄዎቹን ሳትሞክሩ ወደዚህ አትምጡ።

ሌላው አካውንት አድሚን ካልሆነ ይህን ሲያደርግ ራሱ የአድሚን ፓስወርድ ይጠየቃል። ያኔ ወደ 5።

5. ዲስኩ በቢትሎከር መቆለፉን እወቁ

ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ይንጠለጠላል። አዳዲስ ላፕቶፖች፣ በተለይ ዊንዶውስ 11 ያላቸው፣ ባለቤቱ ሳያውቅም ዲስካቸው ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ ምስጠራ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ምስጠራው ሌባ ላፕቶፑን ወስዶ ዲስኩን ነቅሎ እንዳያነብ ይጠብቃችኋል። ዛሬ ግን ለእናንተም በሩን ይዘጋል።

ቁልፉ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ፣ የመሣሪያዎች ዝርዝር ካለበት ገጽ ላይ ነው። በስልካችሁ ግቡና ፈልጉት። ከአንድ በላይ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ከሚያሳየው የቁልፍ መለያ መጀመሪያ ጋር አስተያዩ። አትማችሁት ወይም ፍላሽ ላይ አስቀምጣችሁትም ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑን ከሰው ገዝታችሁት ከሆነ ቁልፉ በሻጩ አካውንት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ደውሉለት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ማስጠንቀቂያ ነው። ቁልፉን ሳታገኙ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ ምንም አትቀይሩ። ባዮሱ ሲቀየር ቢትሎከር ይጠራጠርና ያንን 48 አሃዝ ይጠይቃል፤ እስከዚያ ድረስ ቢያንስ ወደ መግቢያ ስክሪኑ ይደርስ የነበረ ማሽን እዚያም አይደርስም። ዲስኩ ተመስጥሮ ቁልፉ የትም ካልተገኘ ፋይሉን የሚያወጣ ሰው የለም። እኔም አላወጣም፣ መርካቶም ፒያሳም ያለ ባለሙያ አያወጣም፣ ማይክሮሶፍትም አያወጣም። «እከፍተዋለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ለሚጠይቃችሁ አትክፈሉ።

6. ፋይላችሁን አውጡ

ፓስወርዱ አልተገኘም፣ ማሽኑ ወደ ማጽዳት ሊሄድ ነው እንበል። አሁን ፋይሉን እናድናለን። የዊንዶውስ ፓስወርድ የሚጠብቀው የዊንዶውስን በር ነው። ዲስኩ ካልተመሰጠረ፣ ከፍላሽ በሚነሳ ሌላ ሲስተም ፋይሉን ማንበብ ይቻላል።

ሀ) በሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም አውርዱ። ሁለቱም በነፃ ናቸው። ሚንት ወደ 3 ጊጋ ባይት ይጠጋል፣ ኡቡንቱ እጥፍ ያህል ነው። ለሞባይል ዳታ ሚንት ይሻላል፤ የሌሊት ፓኬጅ ካላችሁ ለሊቱን አውርዱት። ከዚያ «ሩፈስ» በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጫኑት። ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ፍላሹ ማሽን ማስነሳት እንዲችል ሆኖ መዘጋጀት አለበት።

ለ) የተቆለፈውን ማሽን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። መግቢያው ላይ ካለው የኃይል ምልክት፣ ሺፍትን ይዛችሁ «ሸት ዳውን» ንኩ። ሺፍት ካልያዛችሁ ዊንዶውስ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሊቀርና ዲስኩን ሊይዘው ይችላል።

ሐ) ፍላሹን ሰኩና ስታበሩ የማስነሻ ምርጫ የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ። ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው፤ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ኤፍ 12፤ አሱስ ላፕቶፕ ላይ እስኬፕ። አርማው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ያኔ አምልጧችኋል።

መ) ፍላሹን ምረጡ። ኡቡንቱ ሲጠይቃችሁ «ትራይ» የሚለውን እንጂ «ኢንስቶል» የሚለውን አትንኩ። ሚንት ቀጥታ ዴስክቶፕ ይከፍታል፤ እዚያ ላይ ያለችውን «ኢንስቶል» የምትል ምልክት አትንኳት። እሷን መጫን ልታድኑት የመጣችሁትን ዲስክ ሊያጠፋው ይችላል።

ሠ) የፋይል ማሳያውን ክፈቱ። ዲስኩን በመጠኑ ለዩት። «ዩዘርስ» ውስጥ ስማችሁ አለ፤ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስና ፒክቸርስ እዚያ ናቸው። ሁሉንም ወደ ኤክስተርናሉ ኮፒ አድርጉ። ኮፒ እንጂ ከት አታድርጉ፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ ፋይሉ በሁለቱም በኩል ሊበላሽ ይችላል።

ሰዎች የሚረሷቸውን ልጥቀስ። የሒሳብ ፕሮግራሙ የፒችትሪ ዳታ ብዙ ጊዜ ዶክመንትስ ውስጥ አይገኝም፣ በሌላ የሲ ድራይቭ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሲ ድራይቩን ሙሉ ቃኙ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች ካሏችሁ የፊደሉን ፋይሎችም ውሰዱ፤ «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» የሚል አለ። እነሱ ከሌሉ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ተከፍቶ የሚታየው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው። ሰነዱ አልጠፋም፤ ፊደሉ ብቻ ነው የጎደለው። ይህን ያላወቀ ሰው ግን ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይደመስሰዋል።

ረ) ኮፒው ሲያልቅ ከኤክስተርናሉ ላይ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ፎቶው ይታያል? ሰነዱ ይነበባል? ይህን ሳታደርጉ ወደ 7 አትለፉ። ከዚያ በ«ኢጀክት» አውጡት፤ ዝም ብላችሁ አትንቀሉት።

ዲስኩን ስትከፍቱ የይለፍ ቁልፍ ከጠየቃችሁ ቢትሎከር ነው፤ ተመልሳችሁ 5ን አንብቡ።

7. ማሽኑን አጽድታችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ

መግቢያው ላይ የኃይል ምልክቱን ንኩ፣ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» ምረጡ። ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። «ትራብልሹት»፣ ከዚያ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ንኩ።

እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለው ያጓጓል። ለእናንተ ግን አይሆንም። ፋይሉን ብቻ ሳይሆን አካውንቱንና ፓስወርዱንም ይዞ ይቆያል፣ ወይም መሃል ላይ ራሱ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃል። የሚሠራላችሁ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ነው። 6ን አጥብቄ የያዝኩትም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ «ክላውድ ዳውንሎድ» ወይም «ሎካል ሪኢንስቶል» ይላችኋል። ክላውዱ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ሊበላ ይችላል። በሞባይል ዳታ ከሆናችሁ ሎካሉን ምረጡ፤ እሱ ሲወድቅ ብቻ ወደ ሌላኛው ሂዱ።

ዲ ድራይቭ ካላችሁ «ዊንዶውስ ያለበትን ድራይቭ ብቻ» የሚለውን ምረጡ። «ሁሉንም ድራይቮች» የሚለውን ከመረጣችሁ ዲም አብሮ ይጸዳል። «ጀስት ሪሙቭ ማይ ፋይልስ» በቂ ነው፤ ሙሉ ማጽጃው ሰዓታት የሚፈጅና ማሽኑን ለሚሸጥ ሰው የሚሆን ነው።

ቻርጀሩ ተሰክቶ ይቆይ። ሲያልቅ አዲስ እንደተገዛ ይከፈታል። ዊንዶውሱ በሕጋዊ መንገድ የነቃ ከነበረና ያው ዓይነት ከሆነ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይነቃል፤ ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ነው። ማሽኑ አሁንም ዊንዶውስ 10 ከሆነ ድጋፉ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ ማብቃቱን አስቡ። ከቻለ ወደ 11 ማሳደጊያው ጊዜ ይህ ነው።

8. ከገባችሁ በኋላ ያኔውኑ

ነገ አትበሉ። ሁለተኛ የአድሚን አካውንት ክፈቱና ፓስወርዱን የምታምኑት የቤተሰብ ሰው ይያዘው። የዕድር ወይም የብሎክ ኮሚቴ ላፕቶፕ ከሆነ ጸሐፊውም ሒሳብ ሹሙም የየራሳቸው አድሚን ይኑራቸው፤ ፓስወርዱም በፖስታ ታሽጎ ከማኅተሙ ጋር ይቀመጥ። ሎካል ከሆነ የደኅንነት ጥያቄዎቹን ሙሉና መልሶቹን በተጻፉበት አጻጻፍ ወረቀት ላይ ገልብጡ። የማይክሮሶፍት ከሆነ የስልክ ቁጥሩን አድሱ፣ ሁለተኛ ኢሜይልም ጨምሩ። የቢትሎከሩን 48 አሃዝ አትሙና ከቤት ካርታው ጋር አስቀምጡት፤ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ግን አይሁን።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- «ፓስወርድ ይሰብራል» የሚባል ፕሮግራም ከየትም አውርዶ መጫን። ብዙዎቹ ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ። የሲስተም ፋይል ስም እየቀያየሩ የሚደረገውም ዊንዶውሱ ጨርሶ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።
- «ሴፍ ሞድ ውስጥ ያለ ፓስወርድ ይከፈታል» ማለት። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፓስወርድ በሌለው የተደበቀ አድሚን አካውንት ይገባ ነበር። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ያ የተደበቀ አድሚን ዝግ ነው።
- ኢንተርኔት ላይ የተገኘ «የማይክሮሶፍት ድጋፍ» ስልክ ላይ መደወል። ወደ ስልካችሁ የመጣውን ኮድ ለማንም አታንብቡ፤ ኮዱን የሚጠይቅ ሰው አካውንቱን ሊወስድ ነው።
- የባዮስ ፓስወርድን ከዊንዶውስ ጋር ማምታታት። የዊንዶውስ አርማ ከመምጣቱ በፊት የሚጠየቅ ከሆነ ባዮስ ነው፤ ፎርማትም አያነሳው። ብዙ የድሮ ዴስክቶፖች ላይ ክብ ባትሪውን አውጥቶ መመለስ ያጠፋዋል። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን አይሠራም፤ የግዢ ደረሰኝ ይዞ አምራቹን መጠየቅ ነው።

ወደ ባለሙያ የምትወስዱት ከሆነ በቃል ብቻ አታስረክቡ። ወረቀት ላይ ይህን ጽፋችሁ ላፕቶፑ ላይ ለጥፉት፦ የአካውንቱ ዓይነት፣ ቢትሎከር መኖር አለመኖሩ፣ እስካሁን የሞከራችሁት፣ መዳን ያለባቸው ፎልደሮች ስም፣ በመጨረሻም «ሳትደውሉልኝ ፎርማት አታድርጉ» ከስልክ ቁጥራችሁ ጋር። ብዙ ማሽን ተደራርቦ በሚሠራበት ቦታ የቃል አደራ ቶሎ ይረሳል፤ የተለጠፈው ወረቀት ግን ጠረጴዛው ላይ እስኪደርስ አብሮ ይሄዳል።